ባለቤቱን የማያምን በረኛ

በሊኑክስ ኮምፒዩተር የአስተዳዳሪ ሥራ ሊሠራ የፈለገ ሰው፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ጠያቂው በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ፣ በቡፋሎ የተጻፈው «ሱዶ» የተባለ በረኛ ነው። ጥያቄው ያሰለቸው አንድ መምህር ባልደረባዬ በበረኛው መዝገብ ከስሙ አጠገብ «ኖፓስወርድ» ብሎ ጻፈ፤ በረኛው ግን መጠየቁን አልተወም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድን ሰው የሚመለከቱ ብዙ መስመሮች ቢኖሩ የሚጸናው የመጨረሻው ነው። የባልደረባዬን መስመር ከበታቹ የነበረው የ«ሱዶ» ቡድን ደንብ ሽሮታል። ወደ ታች ቢያወርደው ይሠራለት ነበር፤ እኔ ግን አልመከርሁትም። የተማሪ ማርክ ያለበትን ኮምፒዩተር ክፍት ትቶ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ ለገባ ሁሉ ሹመት መስጠቱ አይደለምን? ኡቡንቱ አንዴ ከጠየቀ 15 ደቂቃ ይታገሣል፤ እኛ 30 አደረግንለት። ሲነሣም «ሱዶ -ኬ» ብሎ ትዕግሥቱን ያቋርጣል። መዝገቡንም በ«ቪሱዶ» ብቻ ይከፍታል፤ የአጻጻፍ ስሕተት ካለ ሳያስጠነቅቅ አያስቀምጥምና።