ፍጥነት ያለ እማኝ

አሊዩ አምባ የቆየ ገበያ ነው። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ እዚያ ያርፍ ነበር። በአገራችን ልማድ ደግሞ ብር የሚያበድር ሰው እማኝ ይቆጥራል። ሦስት ከሆኑ አንዱ ቢርቅ እንኳ የሁለቱ ቃል ከገጠመ ነገሩ ይጸናል።

በሥራዬ የምጠቀምባቸው እንደ ካሳንድራና ሲላዲቢ ያሉ የመረጃ ቋቶችም እንዲሁ ናቸው። አንዱን መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰርቨር ላይ ያኖራሉ። ምርጫው የእኛ ነው፦ የአንዱን መልስ ሰምተን እንፍጠን ወይስ ሁለቱ እስኪስማሙ እንጠብቅ? ለላይክ ቆጠራ አንዱ ይበቃል፤ ለገንዘብ ግን አይበቃም።

መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ሲያወጡ አየን። ባንኩ መንስኤው የሲስተም ማሻሻያ እንጂ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ የወጣውንም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አደረሰው። መዝገብ ሲዛባ ፍጥነት ጉዳቱን ያፋጥናል ማለት ነው።

ዛሬ በይፋት ቆላ ማሾ የሚሸጥ ገበሬ ኔትወርክ እየተቆራረጠም ክፍያውን በስልኩ ሊቀበል ይችላል። ማስረጃው አንዲት አጭር መልእክት ናት። እንግዲህ ሲስተም የሚገዙ ሁሉ «በሰከንድ ስንት ያስተናግዳል?» ከማለታቸው በፊት «ስንት እማኝ አለው?» ብለው ይጠይቁ።