ተመችቶሃል

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ሁልጊዜ የሚቀልድብኝ የባጃጅ ሾፌር ነበር። "አንተማ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው!" ይለኛል። ተሳፋሪው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። አንዳንዴ እውነትም የሁለት ሰው ከፍዬ እወርድ ነበር፤ ከጎኔ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ቦታ የለማ። ያኔ 138 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74።

ከባጃጁ ወርጄ ሰፈር ስገባ ግን ቀልዱ ወደ ሙገሳ ይቀየራል። "ወፈርክ! ተመችቶሃል!" በእኛ አገር ይሄ ምርቃት ነው። ኮድ ጽፎ የሚያድር፣ ደሞዙ ከአዲስ አበባ የሚላክለት የ27 ዓመት ወንድ ቦርጭ ካላወጣ ምኑን ሥራ ያዘ? እናቴም ጎረቤት ፊት በሰውነቴ ትኮራ ነበር። ሌሊት ትንፋሼ እየተቋረጠ እንደምባንን፣ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ዓይኔ እንደሚጨልም፣ ደረጃ ሳይ ጉልበቴ ቀድሞ እንደሚደክም የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴም "የተመቸው" ሰው ነበር። የጨንቻ ልጅ ነው። የደጋውን ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ እየሰበሰበ አርባ ምንጭ አውርዶ ይሸጥ ነበር። ሆዱን በጋቢ ሸፍኖ ሱቁ ደጃፍ ሲቀመጥ ያየው ሁሉ እጅ ይነሳዋል። ከዚያ መክሳት ጀመረ። ውሃ አይጠግብም፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። ሰው "ምን ነካህ?" ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ስኳር ነበር። ስኳር ካልታከመ ሰውነት የበላውን መጠቀም ያቅተውና የራሱን ስብና ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል። ሰዉ በሽታውን ያየው ሲከሳ ነው እንጂ በሽታው ከውፍረቱ ጋር አብሮት ሲኖር ቆይቷል። ኩላሊቱን ጨርሶት በ52 ዓመቱ ሞተ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ እማር ነበር።

ስለዚህ የእኔ የሦስት ወር የስኳር ምርመራ 7.4 ሆኖ ሲመጣ ብዙም አልደነገጥኩም። ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው። ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩና ክብደቴን ለቁመቴ ስኩዌር አካፈልኩ፦ 45.6። ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ከ40 በላይ የሆነው የመጨረሻው እርከን ነው። የሰው ኮድ ላይ ስህተት ስፈልግ የምውል ሰው፣ የራሴን ለማየት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሞክሬ አላውቅም እንዳትሉኝ። አንድ ዓመት እንጀራ ቀንሼ፣ በየማለዳው ተራምጄ 14 ኪሎ ቀንሼ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 17 ኪሎ መለስኩ። በኋላ ዶክተሩ እንዳስረዳኝ፣ ሰው ሲከሳ ሰውነቱ ረሃብ የመጣ ይመስለዋል፤ የረሃብ ሆርሞኑን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቀንሳል። ስንፍና ነው እያልኩ ራሴን ስሰድብ የኖርኩበት ነገር ግማሹ ይሄ ነበር። ስለ አዲሶቹ መርፌዎችም ጠየቅኩ። ይሠራሉ፤ ግን ሲያቆሟቸው ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። እኔ ደግሞ በየወሩ አርባ ምንጭ ላይ ማግኘቴን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በቃ፣ ቀዶ ጥገናውን መረጥኩ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ይዤ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሄድኩ። ለእናቴ "የሥራ ሥልጠና ነው" አልኳት። እህቴ "ንገራት፣ ኋላ ይቆጭሃል" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ዝግጅቱ ከቀዶ ጥገናው የረዘመ ነው። ደም፣ ልብ፣ አልትራሳውንድ። በኢንዶስኮፒ ጨጓራዬ ሲታይ ባክቴሪያ ተገኘና መጀመሪያ እሱን ታከምኩ። ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ተቀመጥኩ። "ሲከፋህ ትበላለህ?" አለችኝ። አስቤበት አላውቅም ነበር። "ሲከፋኝ ብቻ አይደለም፤ እማዬ ደስ እንዲላት ስፈልግም እበላለሁ" አልኳት። ጻፈችው። ሌላ ብዙ ነገር ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ያን መልሴን ነው ይዤ የወጣሁት።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ምግቤ ፈሳሽ ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ቅጣት አይደለም። ጉበት ጨጓራ ላይ ተኝቶ ነው ያለው፤ የወፍራም ሰው ጉበት ደግሞ ስብ ስለሚይዝ ትልቅ ነው። ለሐኪሙ ቦታ እንዲለቅ መጀመሪያ እሱ መቀነስ አለበት። እህቴ ቡና ስታፈላ ፈንዲሻው ሲንጣጣ እየሰማሁ ሾርባዬን አንጥቼ እጠጣለሁ። 7 ኪሎ የቀነስኩት ገና ቢላ ሳይነካኝ ነው።

ሰኔ 2015 ላይ ተኛሁ። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበሱ። በእነሱ በኩል ከጨጓራዬ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው ተቆርጦ ወጣ። የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ቱቦ ነው፤ የሚይዘው ከሁለት የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በተቆረጠው ክፍል ነው። ስነቃ ያመመኝ ግን ሆዴ ሳይሆን ትከሻዬ ነበር። ለካ ሆድን ለመንፋት የሚያስገቡት ጋዝ እስኪወጣ ድረስ ሕመሙ ወደ ትከሻ ይወጣል። በዚያው ምሽት አስነስተው አስኬዱኝ፤ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ። ኮሪደሩን ግድግዳ ይዤ ደርሼ ስመለስ ነርሷ በመድኃኒት መስፈሪያ ውሃ ሰጠችኝ። ያችን ጠብታ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን ልጅ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ጥሩ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ እርጎና ወተት፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። ምግብና ውሃ አብረው አይሄዱም፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግዴታ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን። ስልኬ ላይ በየሩብ ሰዓቱ "ተጎንጭ" የሚለኝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሆዴ አይርበኝም፤ ዓይኔ ግን ይራባል። አራተኛው ሳምንት ላይ የተፈጨ ድንች ትንሽ ፈጠን አድርጌ በላሁና ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ምራቄ አፌን ሞላው፤ ከዚያ ያው ወጣ። ያን ቀን "ትንሽ ልጨምር" የሚለው ቃል ከቤቴ ወጣ።

ወደ አርባ ምንጭ የተመለስኩት ዶክተሩ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው፣ በአውቶቡስ። ረጅም መቀመጥ ደም ስለሚያረጋ በየደረስንበት ወርጄ እራመድ ነበር። ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ። ሌላው ተሳፋሪ ምሳውን ሲበላ እኔ መናኸሪያውን እዞራለሁ። ረዳቱ "ወንድም፣ ዕቃ ጠፋብህ እንዴ?" አለኝ።

ለዚህ ማገገም አርባ ምንጭ ጥሩ አገር ነው። የጫሞ አሳ አለ። በእንፋሎት የበሰለ አሳ ለስላሳ ነው፣ ፕሮቲን ነው፣ አጥንቱ በጥንቃቄ ከተለቀመ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ሽፈራው አለ፤ ቅጠሉ በደንብ ተቀቅሎ። ፈተናውም አለ። ማንጎው፣ ሙዙ፣ ስፕሪሱ። ጁስ ጠባቡን ሆድ ሳያስቸግር ሾልኮ ያልፋል፤ ስኳሩ ግን ያው ስኳር ነው። ሴቻ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተደብቄ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። እናቴ ሲቀላ ናት፣ በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እላታለሁ።

በፍልሰታ ሳታስጠነቅቀኝ መጣች። የጾም ሽሮ በሰሃን ይዛ። እኔ እንቁላልና አሳ ፈጭቼ በማንኪያ እየበላሁ ነበር። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጾም ቀርቼ አላውቅም። ሰሃኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አንገቴ ላይ የላላውን ሸሚዝ አየችው። "ስፖርት ጀምሬ ነው እማዬ" አልኩ። ምንም አላለችም። ሽሮውን አስቀምጣ ሄደች። በነጋታው በሃይላንድ ጠበል ላከችልኝ። እኔ ያልገባኝ፣ የታመመ ሰው እንደማይጾም እሷ ታውቃለች። ስሌቷን ጨርሳ ነበር።

መስቀል ለጋሞ ሰው የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። ዮ ማስቃላ። የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ለመስቀል 2016 እኛም ወደ አባቴ አገር ጨንቻ ወጣን። ቆላውን ትተን ስንወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እንሰቱ ይበዛል። ያኔ 106 ኪሎ ነበርኩ፣ ፀጉሬም መርገፍ ጀምሮ ነበር፤ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ በሦስተኛው ወር ገደማ የሚመጣ፣ የሚያልፍም ነገር ነው። ዘመድ ግን ይሄን አያውቅም። "ውይ፣ ምን ነካህ ልጄ? ማን ገፈፈህ?" አንዷ አክስቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ቆጮው በቅቤ ቀረበ፣ ሥጋው ከዳጣ ጋር። አጎቴ ጉርሻ ጠቀለለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሱ እጅ አይመለስም። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? ተቀበልኩ። ሁለተኛውንም። ከዚያ ተነስቼ እንሰቱ ጓሮ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ሁሉንም መለስኩት።

ቀና ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች።

"አባትህም እንዲህ ነው የጀመረው" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ቀብሬዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። ዶክተሮቹ ስንት ጊዜ ነው የሰጡህ?"

ሁለት ወር ሙሉ ልጇ እየሞተ ነው ብላ ነበር የኖረችው። ላለማስጨነቅ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ቀብር ውስጥ አስቀምጧት ነበር። እዚያው እንሰቱ ሥር ሸሚዜን ገልጬ አምስቱን ጠባሳዎች አሳየኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስኳሩን፣ ጨጓራውን፣ መድኃኒቱን ዶክተሩ እንደቀነሰልኝ። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ "ፈጣሪ የሰጠህን ሆድ" ትለኛለች ብዬ።

"ሆድህን ሲቀዱት እኔ የት ነበርኩ?" አለች። ከዚያ፦ "ማን ነው ውሃ ያቀበለህ?"

"ነርሷ" አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ስንመለስ አጎቴ ሌላ ጉርሻ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እናቴ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና "ለኔ አጉርሰኝ፣ ለሱ የሚበቃውን እኔ ነኝ የማውቀው" አለችው። ከጉርሻው ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ቆርሳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ የቀረውን እሷ ጎረሰች። አጎቴ ገርሞት ሳቀ።

አሁን 92 ኪሎ ነኝ። የሦስት ወር ስኳሬ 5.6 ነው፣ ያለ መድኃኒት፤ ይመለስ ይሆናልና በየጊዜው እመረመራለሁ። ቫይታሚንና ካልሲየም እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ እውጣለሁ፤ በተለይ ቢ12 እና ብረት ሊያጥሩኝ ይችላሉ። ሆዴ ላይ የተንጠለጠለ ቆዳ አለ። እንጀራ ዛሬም ከጥቂት ጉርሻ በላይ አይሄድልኝም። ለማንም "ተቆረጡ" አልልም። ሐኪሙ የሠራው የጨጓራዬን ድርሻ ነው። ማዕድ ላይ ተቀምጦ "በቃኝ" ማለትን፣ ከዚያም "በቃኝ" ስል "አልወድሽም" ማለቴ እንዳልሆነ እናቴን ማሳመንን ማንም በቀዶ ጥገና ሊሠራልኝ አይችልም ነበር። እናቴ ምግቤን በቡና ሲኒ ነው የምትሰፍረው። ሲቀላ ያለው ቤት ውስጥ እጀታው የተሰበረ ሲኒ አለ፣ የእኔ ነው።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ አንዲት ጎረቤት ገቡ። አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ። "ምነው ልጅሽ እንዲህ ሆነ? ድሮ እንዴት ተመችቶት ነበር!"

እናቴ ከጀበናው ቀና አላለችም።

"የታመመውስ ድሮ ነው" አለች። "አሁን እየዳነ ነው።" ከዚያ የሴትየዋን ሲኒ ሞልታ አቀበለቻቸው።