ግድግዳ የሌለው ቤት

በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ባለችው በሳሞአ፣ የኡፖሉን ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ተከትለን ከላሎማኑ ነጭ አሸዋ ደረስን። «ፋሌ» የሚባለው የአገሩ ቤት በምሰሶ ብቻ የቆመ፣ ግድግዳ የሌለው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ተነፋ፤ መንደሩም ጸጥ አለ። «ሳ» በሚሉት በዚህ ሰዓት አባትና እናት ልጆቻቸውን ሰብስበው ሲዘምሩና ሲጸልዩ ከመንገድ ሆነን አየን።

ይህ ጸጥተኛ ባሕር መስከረም 19 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ እኛ መስቀልን ባከበርን በሁለተኛው ቀን፣ በምድር መናወጥ ተነሥቶ በሳሞአ ከ140 የሚበልጡ ነፍሳትን አጠፋ። ብዙዎች ቤታቸውን ወደ ኮረብታ አወጡ፤ የማታውን ጸሎት ግን አልተዉም።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ የእኛ ቤት ጽኑ ግድግዳ አለው። ማታ ማታ መንገደኛ ቢያዳምጠን ምን ይሰማ ይሆን?