የደመወዝ ቀን የሌላት ልጄና የሐዋሳ ዓሣ አስጋሪዎች

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ማለዳ የሐዋሳ አውቶቡስ ስሳፈር በቦርሳዬ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለልጅ ልጄ ቆሎና አንድ የተዘጋጀ ምክር ይዤ ነበር። ሽሮውንና በርበሬውን ልጄ ጠይቃኛለች። ምክሩን ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግላለች። ባሏ መምህር ነው፤ እሱ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ሥራዋን ለቃ አብራው ሄደች። እዚያ ሌላ ቀጣሪ አልፈለገችም። ልጆቹ «ፍሪላንስ» የሚሉትን ሥራ ጀመረች። ቀን ቀን የትንንሽ ሆቴሎችንና የሱቆችን ሒሳብ ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ጽሑፍ ትተረጉማለች። በዚያ ሳምንት የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ደውሎ «ቦታሽ ክፍት ነው፤ እስከ ሰኞ አሳውቂን» አላት። እኔም ይህን በሰማሁ ማግስት ትኬት ቆረጥኩ።

እኔ 34 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ታይፎይድ ይዞኝ አንድ ወር ስተኛ እንኳ ደመወዜ አልቀረም። ዛሬም ጡረታዬ ቀኑን ጠብቆ ይገባል። እንዲህ የኖረ ሰው፣ ወር ሲሞላ ስንት እንደምታገኝ የማታውቅ ልጅ ይዞ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢሾፍቱን አልፈን፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የደረደሩ ሴቶች፣ ዝዋይ ስንደርስ ዓሣ አንጠልጥለው መኪና የሚያስቆሙ ልጆች፣ ሻሸመኔ ላይ ጋሪና ባጃጅ። እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ ለልጄ የምናገረውን እየደረደርኩ ስለነበር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ የደመወዝ ቀን እንዳለው ልብ አላልኩም።

የዚያን ዕለት ማታ፣ እራት በልተን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። ልጄ እስከ እኩለ ሌሊት መላክ ያለበት ሥራ ነበራት። ኮምፒውተሯን ታቅፋ ከባሏ ጋር ጄኔሬተር ወዳለው ሆቴል ሄደች። እኔ በሻማ የተኛውን የልጅ ልጄን እየጠበቅሁ ስብሰለሰል ቆየሁ። ስትመለስ አላስችል አለኝ፤ የያዝኩትን ምክር ዘረገፍኩት። «ይኼ ምን ኑሮ ነው? ተመለሺ፤ እኔ ዘንድ ትኖራላችሁ፤ ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ።»

እሷም ቀስ ብላ «እማዬ፣ ይኼን የምትመክሪኝ ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ልጁ እንዲመጣልሽ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሷ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ብትገባ ባሏ ሐዋሳ ብቻውን ይቀራል። እኔ ግን ያሰብኩት የቤቴን ጭርታ ነው። በምክሬ ውስጥ ናፍቆቴ ተደብቆ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነገሩን ትተን ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ ዓሣው ገበያ ወረድን። ማታ መረብ የጣሉት ጀልባዎች ይመለሳሉ። ልጆች ቆሮሶውን ልጠው ሥጋውን ከአጥንት ይለያሉ፤ ቁመታቸው ሰው የሚያህል አባ ኮዳዎች ትርፍራፊ እየጠበቁ ይንጎራደዳሉ። የልጅ ልጄ እግሩን ውኃ ውስጥ ሊነክር ሲሮጥ በእጁ ያዝኩት። በዚህ ሐይቅ ቢልሃርዚያ እንዳለ የማውቅ ነርስ ነኝና ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃዋል።

መረቡን ከሚጠግን አንድ ጠና ያለ ዓሣ አስጋሪ አጠገብ ቆምን።

«ዛሬ ቀናህ ወይ?» አልኩት።

«ዛሬስ ተመስገን፣ እናቴ። ትናንት ግን ባዶ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ምን በላችሁ?»

«የትናንት ወዲያውን» ብሎ ሳቀ። ከዚያም «በቀናው ቀን ሁሉን የሚበላ ሰው ሐይቅ ላይ አይቆይም። እኔ ዕቁቤን ሳልጥል ቤቴ አልገባም» አለኝ።

ከዚያ ስንመለስ ለልጄ «ነይ እስቲ ደብተርሽን አምጪ» አልኳት። ነርስ በአንድ ቀን ትኩሳት አትፈርድም፤ የሰንበትበቱን ሠንጠረዥ ታያለች። የልጅ ልጄን ደብተር ጀርባ ይዘን 12 ወር አሰመርን። በሰባቱ ወር ገቢዋ ከድሮው ደመወዟ በልጧል። በሦስቱ አንሷል። በሁለቱ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሲደመርና ሲካፈል ከደመወዙ ከፍ ይላል። ልጄ ደስ አላት።

«ቆይ፣ አሁን ደግሞ እንቀንስ» አልኳት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ አሁን ያ 11 የለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው ያገኛል። የወለደች 120 ቀን አላት። የታመመ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል። ለብቻው የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ከራሱ ኪስ ይሸፍናል። በዚህ ላይ ኢንተርኔቱ፣ የኮምፒውተሩ ማርጀት፣ ግብሩ አለ። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ብልጫው አለቀ፤ ከደመወዙ ጋር እኩል ሆነ። ሌላም ነገር ታየን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘብ የሚመጣው ከአንድ ደንበኛ ነው። ባዶዎቹ ሁለት ወራት እሱ ክፍያ ያዘገየባቸው ናቸው።

ሒሳቡ እኩል ከሆነ የሚፈርደው የሰው ጠባይ ነው። ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። ጡረታ እንደወጣሁ ቤት ለቤት እየሄድኩ ሕሙማንን መንከባከብ ጀምሬ ነበር። አንድ ቤት የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ለሦስት ሳምንት አጠብኩ፤ በየቀኑ ቡና ተፈላልኝ፤ በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሸኙኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ሒሳቤን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ያን ጊዜ ይህ ሥራ ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ቁስል ማጠቡ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ «ክፈሉኝ» ማለቱ ነው።

«አንቺስ ገንዘብሽን መጠየቅ ታፍሪያለሽ?» አልኳት። ሳቀችና ለአንድ ሆቴል ባለቤት የላከችውን መልእክት አሳየችኝ። ትሕትና አለው፣ መጠኑ አለ፣ ቀኑ አለ። «ከማን ወጣሽ?» አልኳት።

እንደ እኔ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ ሥራ ለቅቄ በግሌ ልሥራ ቢላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁት። ሦስት ወር ምንም ባይገባ ቤቱ ምን ይበላል? ትልቁ ደንበኛ ነገ ቢሄድ ሌላ አለ? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለና ወረዳው ሄዶ ይጠይቅ። ለእርጅናው በየወሩ የሚያስቀምጠው አለ? ተቆጣጣሪ ሳይኖር ጠዋት ተነስቶ ይሠራል? ሠርቶ ሲያበቃ ዋጋውን ደፍሮ ይጠይቃል? ለእነዚህ መልስ ያለው ልጅ ተንከራታች አይደለም። መልስ የሌለው ደግሞ፣ መልሱን እስኪያገኝ ደመወዙን ባይለቅ ይሻለዋል፤ ማታ ማታ እየሞከረ ራሱን ማየት ይችላል።

እሁድ ማታ ልጄና ባሏ ሲነጋገሩ እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። ሰኞ ጠዋት እሷ ደወለች። አዲስ አበባ እንደማትመለስ፣ ግን የመሥሪያ ቤቱን የወር መዝጊያ ሒሳብ ከሐዋሳ ሆና በክፍያ ልትሠራ እንደምትችል ነገረቻቸው። «እንመካከርበታለን» አሏት። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመለሱላትም። እሷ ግን ከቀናው ወር ላይ እየቀነሰች የምታስቀምጥበት ሌላ የባንክ ደብተር በዚያው ቀን አወጣች፤ ዕቁብም ገባች።

እኔ ማክሰኞ ተመለስኩ። መኪናው መቂ ላይ ሲቆም ሽንኩርት ገዛሁ። ሴትዮዋን ዛሬ ቀንቷት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ገና ጠዋት ነው፣ እማማ» አለችኝ።