ስብ ነው እያልን

ማስጠንቀቂያው ከሩቅ አልመጣም። የተሰበሰበው እዚሁ ሰፈራችን ነው፤ ኦክላንድ ባለችበት በአላሜዳ ካውንቲና በጎረቤቱ በኮንትራ ኮስታ። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ጤና መሥሪያ ቤት የሁለቱን ካውንቲዎች የቤት እንስሳት ካንሰር ይመዘግብ ነበር። በ1969 ተመራማሪዎቹ ሽናይደር፣ ዶርንና ቴይለር ውጤቱን አሳተሙ። ሴት ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ሳትፈልግ ከመከነች፣ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ካልመከነችው 0.5 በመቶው ብቻ ነው። አንዴ ከፈለገች በኋላ 8 በመቶ። ከሁለቴ ወዲያ 26። የኋላ ተመራማሪዎች በስሌቱ ተከራክረዋል። ይከራከሩ! እኛ መቼ ስለ ስሌቱ ተጨነቅን?

ስለ ውሻችን «ለምን በወጣትነቷ ትመክናለች?» አልን። «አንዴ ወልዳ ወግ ትይ» አልን። ቴሌግራፍ ጎዳና ቡና ላይ ተባባልነው፤ ሳን ሆዜ ያሉት ዘመዶቻችንም በስልክ አጸደቁልን። የውሻ ወግ!

ከዚያ ሆዷን ስናክክላት፣ ከኋለኛው ጡቷ ሥር፣ ጠጣር ነገር እጃችን ላይ መጣ። አተር ታክላለች። ስብ ነው አልን። ባቄላ አከለች። ስብ ነው። ከ3 ሴንቲሜትር ሳያልፍ የተቆረጠ ዕጢ ተስፋው ሰፊ ነው፤ እኛ ግን እንቁላል እስኪያክል ጠበቅን። ምን እየጠበቅን ነበር?

ከውሻ የጡት ዕጢ ግማሽ ያህሉ ክፉ ነው። ክፉው ደግሞ ባለበት አይረጋም። ሴሎቹ ይላቀቃሉ። በሊምፍ ቧንቧ ሄደው ብብቷና ብሽሽቷ ሥር ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች ይይዛሉ። በደም ሥር ወደ ልብ ይገባሉ፤ ልብም ወደ ሳንባ ይገፋቸዋል። የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ወንፊት ናቸው። እዚያ ይቀራሉ። እዚያ ያድጋሉ። ከሳንባው ከራሱ የሚነሳ ካንሰር በውሻ ላይ ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ከጡት፣ ከአጥንት፣ ከአፍ የተሰደደ ነው። ይኸኛው መነሻው እጃችን ሥር ነበር!

ሳል አልነበራትም እንላለን። ሳሉ መቼ ቀድሞ ይመጣል? ሜሪት ሐይቅ ዳር ስትሮጥ «ጤነኛ ናት» ስንል፣ ሳንባዋ እየተያዘ ነበር። ራጁ ላይ ክብ ክብ ነጫጭ ነገር ሲታይ ነው የነቃነው። አንድ ብቻ ቢሆን ሐኪሙ ቆርጦ ለማውጣት ያስብ ነበር። በሁለቱም ሳንባ የተዘራውን ከየቱ ጀምሮ ይቁረጥ?

«እብጠቱን መቼ አያችሁት?» ይላል ሐኪሙ። እርስ በርሳችን እንተያያለን። ማን ይመልስ? ሁላችንም ዳስሰነዋል።