ዝም ያለ ሰው ምን አለ ይባላል?

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል። «ዝምታ መስማማት ነው» የሚልም አይጠፋም። ውድ አንባቢያን፣ ሁለቱም አባባሎች ቤት ውስጥ ይሠሩ ይሆናል፤ ጋዜጠኛ እጅ ሲገቡ ግን ያስፈራሉ። ለመሆኑ መልስ ያልሰጠ ሰው ምን አለ ተብሎ ይጻፋል? ይህን ጥያቄ ከዜና አጻጻፍ ትምህርት ይበልጥ ግልጽ ያደረገልኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የፕሮግራሚንግ ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ቋንቋ አንድን ሥራ በተጠራ ቁጥር የሚሠራ የትእዛዝ ስብስብ ፋንክሽን ወይም ሜተድ ይባላል። ሥራውን እንዲሠራ የምናቀብለው መረጃ ደግሞ አርጊውመንት ነው። በእኛ ሙያ እንመስለው። «ዘገባ» የሚባል ፋንክሽን አለ እንበል፤ ማን፣ ምን፣ የት እና መቼ የሚሉ አራት አርጊውመንቶች ይፈልጋል። ሦስቱን ሰጥተን አራተኛው ቢጎድልስ?

እንደ ጃቫ ባሉ ቋንቋዎች ጉድለቱ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይያዛል። ፓይተን፣ ሩቢና ጃቫስክሪፕትን የመሳሰሉት፣ ዳይናሚክ የሚባሉት ቋንቋዎች ግን እንዲህ ያለውን አስቀድመው አይፈትሹም። ፕሮግራሙ እየሄደ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ጋዜጣው ከታተመ በኋላ እንደሚታይ ስህተት ማለት ነው።

ሲደርስስ ምን ይሆናል? ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው መቆም ነው። ፓይተንና ሩቢ ይቆማሉ፤ ፓይተንማ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ «መቼ የሚለው አልተሰጠኝም» ይላል። ሁለተኛው የጃቫስክሪፕት መንገድ ነው። እሱ አይቆምም፤ በጎደለው ቦታ «ያልተገለጸ» የሚል ዋጋ አስቀምጦ ዝም ብሎ ይቀጥላል። የእኛዎቹ «ተብሏል»፣ «ተገልጿል»፣ «ምንጮች ጠቆሙ» የዚህ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ማን እንዳለው ጎድሏል፤ ዜናው ግን ይሄዳል።

ሦስተኛው መንገድ ፋንክሽኑን የጻፈው ሰው አስቀድሞ «ይህ ካልተሰጠ ያንን ውሰድ» ብሎ ተጠባባቂ ዋጋ ማስቀመጡ ነው፤ ዲፎልት ይሉታል። የዚህ ምርጥ ምሳሌ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ልደታ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ዘንድ ነው። ተከሳሽ ክሱ ተነቦለት የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። ቢያምንም ቢክድም ቃሉ ይመዘገባል። ዝም ቢልስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 133 ለዚህ መልስ አስቀምጧል፤ ዝም ያለ ሰው ክሱን እንደካደ ተቆጥሮ ይመዘገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 20 ላይ ማንም ተከሳሽ በፍርድ ሂደት እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል።

ይህ ተጠባባቂ ዋጋ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ዝም ያለው ሰው «ክዷል» ተብሎ ቢመዘገብ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ያቀርባል፣ ክርክሩም ይቀጥላል። «አምኗል» ቢባል ግን ምስክር ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችላል። ጎበዝ ፕሮግራመርም እንዲሁ ያስባል። «ፋይሉ ይጥፋ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ካልመጣ ተጠባባቂው «አይጥፋ» ነው፤ የቆየ ፋይል በኋላም ይጠፋል፣ የጠፋ ግን አይመለስም።

አንድ የሰፈራችን ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በስርቆት ተከሰው ነበር። አንድ ጋዜጣ ገና ክሱ ሳይሰማ «ሌባው» ብሎ ጻፈ። ፍርድ ቤት በነጻ ሲያሰናብታቸው ግን ያው ጋዜጣ አንድ መስመር አልጻፈም። ዛሬም ሱቅ በር ላይ ሲያልፉ የሚንሾካሾክ አለ። እንግዲህ የጎደለው አርጊውመንት ፍርዱ ነበር፤ ጸሐፊው ሕጉ ያስቀመጠውን ትቶ የራሱን ሞላበት። «ተከሳሹ» ቢል ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር?

ፓይተን ውስጥ ደግሞ ተጠባባቂ ዋጋም የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ባዶ ዝርዝር ተጠባባቂ ሆኖ ከተቀመጠ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፋንክሽኑ ሲደነገግ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ የተጨመረበት ነገር በሁለተኛው ጥሪ ላይ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ተጠባባቂውን «ምንም» አድርጎ፣ በተጠራ ቁጥር አዲስ ዝርዝር መክፈት። የትናንቱን የችሎት ዜና ኮፒ አድርገን ስም ብቻ ስንቀይር የሚመጣውም ይኸው ነው፤ የትናንቱ ሰው ጥፋት ለዛሬው ይተርፋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሦስቱም መንገዶች በየቦታቸው ያስፈልጉናል። የተናጋሪው ስም ከሌለ እንደ ፓይተን እንቁም። ፍርድ ካልተሰጠ ሕጉ ባስቀመጠው እንሂድ። ባዶ ቦታ ይዘን መቀጠል ግድ ከሆነብን ደግሞ ባዶነቱን አንባቢው ይወቀው፤ «ደውለንላቸው መልስ አልሰጡም» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ለዚህ በቂ ናት። ዝም ያለ ሰው ያለው ነገር የለም፤ የምንጽፈውም ይህንኑ ነው።