የተዘጋ መስኮት ቁጠባ

ብርዱ ሲጠና፣ በሮተርዳሟ ሆግቭሊት ቁጠባ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው መስኮት ጥርቅም አድርጎ ከመዝጋት ነው። ምክንያቱ ይገባል፤ በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲንር የኔዘርላንድስ መንግሥት ማሞቂያን ወደ 19 ዲግሪ ዝቅ ማድረግን መክሯል፣ በ2023ም እስከ 1200 ሜትር ኩብ ለሚደርስ ጋዝ የዋጋ ጣሪያ አበጅቷል። ማሞቂያን ዝቅ ማድረግ መልካም ቁጠባ ነው። አየር መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ይወጣና ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ክፍል ውስጥ የተሰጣው ልብስም ይጨምርበታል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ደግሞ አስም ባለበት ልጅ ላይ ሕመሙን ያባብሳል።

«መስኮት ሲከፈት የተከፈለበት ሙቀት አብሮ ይወጣል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት እርጥቡን አየር ይቀይራል እንጂ ግድግዳውንና ዕቃውን እምብዛም አያቀዘቅዝም፤ የገባው አየር ቶሎ ይሞቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ ማሞቂያውን ዝቅ፣ ምጣዱ ሲጣድ መስኮቱን ከፈት እናድርግ። ቁጠባው ከጋዙ ይሁን፣ ከልጆቻችን ሳንባ አይሁን።